የዐረብኛን ንግግር በጆሮ መለየት፦ ሥሩንና ወዝኑን አንድ ላይ የመያዝ መንገድ

ዐረብኛን በመጽሐፍ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። ጽሑፉን አንብቦ ይረዳል፣ የቃላቱንም ትርጉም ያውቃል፤ ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ሰው ሲናገረው ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይለቅምና ሌላው ያመልጠዋል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የቃላት እውቀት ስላነሰው አይደለም፤ የሚያውቃቸውን ቃላት ከድምፁ ፍሰት ውስጥ ለይቶ የማውጣት ልምድ ጆሮው ስለሌለው ነው። ዐረብኛ አፉን የፈታ ሰው ቃል ሲሰማ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፦ የተነባቢዎቹን ሥርና ሥሩ የተቀመጠበትን ቅርጽ፣ ማለትም ወዝኑን። አማርኛ ተናጋሪም በገዛ ቋንቋው ይህንኑ ስለሚያደርግ ለዐረብኛ ባዕድ አይደለም፤ ነገር ግን ጆሮው የተቃኘው በሌላ ልክ ስለሆነ በጥቂት ወሳኝ ቦታዎች እንደገና መቃኘት አለበት። ከዚህ በታች የቀረበው የዚያ መቃኛ መንገድ ነው።

አስቀድሞ ምሳሌዎቹ የተጻፉበትን ስልት ማወቅ ያስፈልጋል። የዐረብኛው አጭር ፈትሓ («አ» መሰሉ አናባቢ) በግእዝ ፊደል፣ ረጅሙ በራብዕ ተጽፏል፤ ስለዚህ «ከ» አጭር፣ «ካ» ረጅም ነው። አጭሩ ደማ («ኡ») በካዕብ፣ አጭሩ ከስራ («ኢ») በሣልስ ሲጻፉ፣ ሲረዝሙ «ው» እና «ይ» ይከተሏቸዋል፦ «ቱ» አጭር «ቱው» ረጅም፣ «ቲ» አጭር «ቲይ» ረጅም ነው። ሳድስ ፊደል አናባቢ የለውም። «ሐ» እና «ዐ» በአማርኛ ንባብ ከ«ሀ» እና ከ«አ» ባይለዩም፣ እዚህ የገቡት የራሳቸውን የጉሮሮ ድምፅ ይዘው ነው። «ጠ»፣ «ጸ» እና «ቀ» የዐረብኛዎቹን ጧእ፣ ጻድና ቃፍ ይወክላሉ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ በቃል ተገልጿል።

ሰሚ ቃሉ እስኪያልቅ አይጠብቅም

ስለ ንግግር አሰማም የሚያጠኑ ሊቃውንት በሰፊው የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሰሚ ቃሉ ተነግሮ እስኪያልቅ ድረስ እንደማይጠብቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች እንደተሰሙ በእነሱ የሚጀምሩ ብዙ ቃላት በአእምሮው አብረው ይነቃሉ፤ ተከታዩ ድምፅ ሲመጣ ከእሱ ጋር የማይስማሙት ይወድቃሉ፤ በመጨረሻ አንዱ ብቻ ሲቀር ቃሉ ይታወቃል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሰፊው ያዳበረው ዊልያም ማርስለን-ዊልሰን ነው። አንድ ቃል ከሌሎች ሁሉ የሚለይበት ነጥብ ከቃሉ መጨረሻ ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ጎበዝ ሰሚ ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ሳይጨርስ ቃሉን ይዞታል።

በዐረብኛ ግን የቃሉ መጀመሪያ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። «ሙደሪስ»፣ «ሙዐሊም»፣ «ሙስሊም»፣ «ሙሃጂር»፣ «ሙስተቅበል» ሁሉም በ«ሙ» ይጀምራሉ፤ በ«መ»፣ በ«የ» እና በ«ተ» የሚጀምሩትም እንዲሁ እጅግ ብዙ ናቸው። ከመጀመሪያው ድምፅ ተነሥቶ ቃሉን ለመገመት የሚሞክር ተማሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ እጩዎች ፊት ይቆማል። የለመደ ሰሚ በዚህ የማይቸገረው «ሙ» የቃሉ ማንነት ሳይሆን የቅርጹ ምልክት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ሆስፒታል ማለት የሆነውን «ሙስተሽፋ»ን ቀረብ ብለን እንመልከት። «ሙስተ» እንደተሰማ ሰሚው ቃሉን ገና አላወቀም፤ ሆኖም የሚመጣው ነገር ግስ ሳይሆን ስም ወይም ቅጽል መሆኑን፣ «ኢስተፍዐለ» ከሚባለው የግስ ቅርጽ ሊወጣ እንደሚችልና የሥሩ ተነባቢዎች ገና ከፊት እንዳሉ ተረድቷል። ይህ «ኢስተ» በአማርኛ «አስተማረ» እና «አስተካከለ» ውስጥ ካለው «አስተ» ጋር ዝምድና ያለው ስለሆነ፣ አንባቢው ስሜቱን በቀላሉ ያገኘዋል። ከዚያ «ሽ» እና «ፍ» ሲመጡ ፈውስን የሚመለከተው ሥር ይነቃል፤ የመጨረሻው ረጅም አናባቢ ሲሰማ ጉዳዩ ያበቃል። በዚያው «ሙስተ» ላይ «ቅበል» ቢመጣ ወደፊት የሚመጣው ዘመን፣ «ዕመል» ቢመጣ ያገለገለ ዕቃ፣ «ሒይል» ቢመጣ የማይቻል ነገር ይሆናል።

ይሁንና «ሙስተ» ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። «ሙስተሚዕ» (አድማጭ) በጆሮ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት አጀማመር ቢኖረውም፣ «ስ» እዚህ ላይ የቅርጹ ሳይሆን የሥሩ ነው፤ ሥሩ ስ-ም-ዕ ሲሆን «ተ» በመካከሉ ገብታለች። ሰሚው ስለዚህ ሁለቱንም አማራጮች ይዞ ይቆይና ከ«ተ» በኋላ ሁለት ተነባቢዎች ብቻ እንደቀሩ ሲሰማ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ዐረብኛን በጆሮ የመያዝ ጥበብ በአብዛኛው ይህ ነው፦ ቶሎ አለመፍረድ፣ ነገር ግን በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ የትኛው የሥር፣ የትኛው የቅርጽ እንደሆነ ሳያቋርጡ መመዘን።

ሥር እና ወዝን

የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ቅርጹን «ወዝን» ይሉታል፤ የሚመዝኑትም ፍ-ዕ-ል በሚሉት ሦስት ፊደላት ነው። «ካቲብ» (ጸሐፊ) በ«ፋዒል» ይመዘናል፣ «መክቱውብ» (የተጻፈ) በ«መፍዑውል»፣ «መክተብ» (ቢሮ) በ«መፍዐል»። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም ማለት ይቻላል፤ «ሰባሪ»፣ «ስብር»፣ «ሰበራ»፣ «ተሰባበረ» የሚሉትን ሲሰማ ስ-ብ-ር የሚለው አንድ ሥር በተለያየ ቅርጽ እንደመጣ ሳይማር ያውቀዋልና። በስምንተኛው መቶ ዘመን በባስራ ያስተማረው አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ መዝገበ ቃላቱን ያደራጀው ድምፆቹ ከሚወጡበት ቦታ ተነሥቶ ሲሆን፣ የአንድን ሥር ተነባቢዎች ቦታ በማቀያየር የሚገኙትን ሥሮች ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጧል፤ ሦስት ተነባቢ ያለው ሥር 6 አቀማመጦች ይኖሩታል። ሥር ከአናባቢው ተለይቶ ብቻውን ሊታሰብ እንደሚችል የጥንቶቹ ሊቃውንት በግልጽ አይተውታል ማለት ነው።

የዘመናችን የላቦራቶሪ ጥናትም ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ አግኝቶታል። ሳሚ ቡደላዓና ማርስለን-ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በተከታታይ ባወጧቸው ጥናቶች፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎች አንድ ቃል ቀድሞ ሲቀርብላቸው በሥር የሚዛመደውን ሌላ ቃል ፈጥነው እንደሚለዩ አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው የሁለቱ ቃላት ትርጉም በግልጽ ባይቀራረብም ጭምር ነው። ለምሳሌ «ከቲይበ» (ሻለቃ ጦር) እና «መክተብ» ሥራቸው ክ-ት-ብ ቢሆንም በትርጉም ይራራቃሉ። ወዝንም የራሱን ድርሻ ያበረክታል፤ ሥራቸው የተለያየ ሆኖ ወዝናቸው አንድ የሆኑ ቃላት እርስ በርስ ይረዳዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በአንጎል ጉዳት ንግግሩ የታወከ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው በዐረብኛ የሥር ተነባቢዎችን ቦታ እያቀያየረ ሲሳሳት የቃሉ የአናባቢ ቅርጽ ግን ሳይናጋ እንደሚቆይ ዘግቧል። ሥርና ወዝን በአእምሮ ውስጥ የተለያየ መያዣ እንዳላቸው ከዚህ የበለጠ ጥሩ ማሳያ አላውቅም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው። ዐረብኛን በጆሮ ለመያዝ የሚሻ ሰው ቃላትን ነጠላ ነጠላ አድርጎ በዝርዝር ከማጥናት ይልቅ ወዝኖችን በጆሮው ማወቅ ይገባዋል። አንድ ወዝን በጆሮ ሲታወቅ በዚያ ወዝን የሚመጡ ቃላት ሁሉ ግማሽ መንገድ መጥተውለታል።

የአማርኛ ጆሮ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው የመጥበቅ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰዎች ይህን ይንቁታል፣ በእኔ ግምት ግን ከጉሮሮ ድምፆች ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው። መጥበቅና መላላት ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም፤ «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ሕፃን ሳለን እናውቀዋለን። ችግሩ ያለው ጥብቀት በሁለቱ ቋንቋዎች የሚሰጠው አገልግሎት ላይ ነው። በአማርኛ «ሰበረ»፣ «ነገረ»፣ «ገደለ» ስንል ተራው የኀላፊ ጊዜ ግስ ራሱ መካከለኛ ተነባቢውን አጥብቆ ይመጣል። በዐረብኛ ግን ተራው ግስ ላልቶ ነው የሚነገረው፤ ሲጠብቅ ሌላ ግስ ይሆናል። «ከሰረ» «ሰ» ላልታ ከሆነ ሰበረ ማለት ነው፤ ጠብቃ ከሆነ ግን ሰባበረ፣ አደቀቀ ማለት ነው። «ደረሰ» «ረ» ላልታ አጠና፣ ጠብቃ አስተማረ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው ጥብቀትን «ተራ የኀላፊ ጊዜ» አድርጎ ስለሚያልፈው የሁለተኛውን ቅርጽ ምልክት ሰምቶ ሳይጠቀምበት ይቀራል፤ ሲናገርም ላልቶ መነገር ያለበትን ያጠብቃል። ስለዚህ ልምምዱ መጥበቁን መስማት ሳይሆን፣ መጥበቁ በተሰማ ቁጥር «ይህ ሌላ ግስ ነው» የሚል ምላሽ ወዲያው እንዲመጣ ማድረግ ነው። በስምም እንዲሁ ነው፤ «ሐማም» «ማ» ላልታ ርግቦች፣ ጠብቃ መታጠቢያ ቤት ናት።

ሁለተኛው የአናባቢ ርዝመት ነው። አማርኛ አናባቢዎቹን በርዝመት ስለማይለይ፣ ጆሯችን በርዝመት ፈንታ በድምፁ ቀለም ይፈርዳል፤ አጭሩን ፈትሓ እንደ ግእዝ፣ ረጅሙን እንደ ራብዕ እንሰማዋለን። ይህ መላ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያታልላል። «ጧእ» እና «ጻድ» በመሰሉ ድምፆች አጠገብ አጭሩ ፈትሓ ሰፍቶና ጠልቆ ስለሚሰማ ረጅም ይመስላል፤ በብዙ አካባቢዎች አነጋገር ደግሞ ረጅሙ አናባቢ ወደ ፊት ተገፍቶ ወደ ግእዝና ወደ ኀምስ ስለሚጠጋ አጭር ይመስላል። መፍትሔው በቀለሙ ሳይሆን በጊዜው መፍረድ ነው፤ ረጅሙ አናባቢ በጥንቃቄ ሲነገር የአጭሩን እጥፍ ያህል ይወስዳል። «ጀመል» ግመል፣ «ጀማል» ውበት፤ «መጠር» ዝናብ፣ «መጣር» አውሮፕላን ማረፊያ፤ «ከተበ» ጻፈ፣ «ካተበ» ተጻጻፈ። እነዚህን ጥንዶች በእጅ ጠረጴዛ እየመቱ፣ ለአጭር አንድ ምት ለረጅም ሁለት ምት እየሰጡ ማድመጥ ውጤቱ ፈጣን ነው።

ሦስተኛው የከበዱት ተነባቢዎች ናቸው። «ሰይፍ» ጎራዴ፣ «ጸይፍ» በጋ፤ «ቲይን» በለስ፣ «ጢይን» ጭቃ። አማርኛ ተናጋሪ «ጠ» እና «ጸ» ሲባል ከጉሮሮ ተዘግቶ እንደሚፈነዳው የራሱ ድምፅ ይጠብቃል። የዐረብኛው ግን አይፈነዳም፤ የምላስ ጀርባ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ድምፁም ይወፍራል። ፍንዳታ የሚጠብቅ ጆሮ «ጢይን»ን «ቲይን» አድርጎ ይሰማል። ልዩነቱ ከተነባቢው ይልቅ ከአጠገቡ ባለው አናባቢ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ አናባቢውን ማድመጥ ይሻላል፤ አናባቢው የጠለቀና የወፈረ ከሆነ ከበድ ያለው ተነባቢ አጠገቡ አለ። ውፍረቱ ወደ ጎረቤት ክፍለ ቃላት ስለሚዛመት፣ በካይሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቃሉን በሙሉ ስለሚሸፍን፣ ሰሚ አንዳንዴ ተነባቢው ገና ሳይደርስ ምልክቱን ያገኘዋል።

ስለ ጉሮሮ ድምፆች ባጭሩ ማለት የሚቻለው፣ ትግርኛ የሚያውቅ ሰው «ሐ» እና «ዐ»ን አብሯቸው ስላደገ ይህን ክፍል መዝለል እንደሚችል ነው። ሌላው «ዐመል» (ሥራ) እና «አመል» (ተስፋ)፣ «ሐረም» (የተከበረ ቅዱስ ቦታ) እና «ሀረም» (ፒራሚድ) በሚሉት ጥንዶች ይለማመድ። «ሐ» ከጠበበ ጉሮሮ የሚወጣ ብርቱ እስትንፋስ ነው፤ መፋቅ ከተሰማበት «ሐ» ሳይሆን «ኸ» ነው። «ዐ» ደግሞ በአጠገቡ ያለውን አናባቢ ያፍነዋል።

ቃሉ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ማግኘት

ንግግር በቃላት መካከል ክፍተት የለውም፤ ክፍተት ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በዐረብኛ ላይ ይህ የሚከብደው ትንንሾቹ መነሻዎችና መድረሻዎች ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቁ ነው። «ወሰየክቱቡውነሃ» ሲጻፍም አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን «ወ» (እና)፣ «ሰ» (የወደፊት ምልክት)፣ «የ» (ሦስተኛ መደብ)፣ «ክቱብ» (ግሱ)፣ «ኡውነ» (ብዙ ቁጥር) እና «ሃ» (እሷን) አሉ፤ ሲተረጎም «እነርሱም ይጽፏታል» ማለት ነው። «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና «የ» የሚያጣብቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስለለመደው ሊደነግጥ አይገባም። ማድረግ ያለበት ከፊት የሚጣበቁትን «ወ»፣ «ፈ»፣ «ቢ»፣ «ሊ»፣ «ከ»፣ «ሰ» እና ከኋላ የሚጣበቁትን ተውላጠ ስሞች በቃሉ እስኪያውቃቸው ድረስ ማጥናት ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ጊዜ አይፈጁም፣ ትርፋቸው ግን ከማንኛውም የቃላት ዝርዝር ይበልጣል።

«አል» የሚለው አመልካች የራሱ ጠባይ አለው። ከ28ቱ ፊደላት በ14ቱ፣ ማለትም የፀሐይ ፊደላት በሚባሉት ፊት «ል» ትጠፋና ተከታዩ ተነባቢ ይጠብቃል፤ ፀሐይ «አሸምስ» ስትሆን «ሸ» ጠብቃ ትሰማለች። ሌላ ቃል ከቀደመ ደግሞ «አ»ም ይወድቃል፤ «ፊይ» እና «አልበይት» ሲገናኙ «ፊልበይት» ይሆናሉ፣ የ«ፊይ» ርዝመትም ያጥራል። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ፤ የሥር ወይም የወዝን ምክንያት የሌለው ጥብቀት ከስም መጀመሪያ ላይ ሲሰማ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላው የተሰወረ «አል» አለ ማለት ነው።

የሚሰወሩ ሥሮች

ሥሩን መያዝ እንደ «ከተበ» ባሉ ጤነኛ ግሶች ቀላል ነው። «ወ» ወይም «የ» ያለባቸው ሥሮች ግን ተነባቢያቸውን ያጣሉ፦ «ቃለ» (አለ)፣ «የቁውሉ» (ይላል)፣ «ቁል» (በል) ሁሉም ከቅ-ው-ል ናቸው፤ «ወጸለ» (ደረሰ) በ«የጺሉ» (ይደርሳል) ውስጥ «ወ»ን ይጥላል። አማርኛም በ«ሳመ» እና በ«ሰማ» ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርግ ሐሳቡ የሚገርም አይደለም። በ«ኢፍተዐለ» ወዝን ውስጥ ደግሞ የምትገባዋ «ተ» ከሥሩ ጋር እየተስማማች መልኳን ትቀይራለች፤ መጨናነቅ ማለት የሆነው «ኢዝዲሓም» ሥሩ ዝ-ሕ-ም ሲሆን «ደ» የመጣችው ከ«ተ» ነው። እነዚህን በሕግ አስቦ ለመፍታት በንግግር መካከል ጊዜ አይኖርም፤ በብዛት የሚመጡትን ሠላሳ አርባ ያህል ግሶች ከነእርባታቸው በጆሮ መልመድ የተሻለ ነው።

ልምምዱ

የሚያስፈልገው በግልጽ ፉስሓ (በመደበኛው የዜናና የመጽሐፍ ዐረብኛ) የተነገረና ጽሑፉ ያለው የድምፅ ቅጂ ነው። የዜና ንባብ ጥሩ መነሻ ነው፤ አንባቢው አናባቢዎቹን አይውጥም፣ ወዝኖቹም በብዛት ይመላለሳሉ። የቁርኣን ንባብ ለተነባቢዎች ከሁሉ የላቀ አስተማሪ ነው፤ ርዝመትን ለመማር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም በተጅዊድ (በቁርኣን አነባበብ) ሕግ መድ፣ ማለትም የረዘመው አናባቢ፣ እስከ 6 ሐረካ (የአጭር አናባቢ ልክ) ሊሳብ ስለሚችል የተራ ንግግርን ልክ አያሳይም። ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ መርጠህ ጽሑፉን ሳታይ ተቀመጥ።

በመጀመሪያው ማድመጥ ምንም አትተርጉም፤ የሚሰሙህን የሥር ተነባቢዎች ብቻ በሦስት በሦስት ጻፍ። አናባቢውን ተወው። በሁለተኛው ማድመጥ በጻፍካቸው ሥሮች መካከል ረጅም አናባቢ ያለበትን ቦታ በሰረዝ አመልክት፤ በሦስተኛው የጠበቀውን ተነባቢ አስምርበት። ከዚህ በኋላ ወዝኑን ለማንበብ የሚያስፈልግህ ሁሉ በእጅህ አለ። ለምሳሌ ድ-ር-ስ ጽፈህ ከ«ድ» በኋላ ረጅም አናባቢ ካመለከትክና ከፊቱ «መ» ካለ «መዳሪስ» ነው፤ ወዝኑ «መፋዒል» ስለሆነ ብዙ ቁጥር መሆኑን ትርጉሙን ሳታውቅ እንኳ ታውቃለህ፣ እንደ «መሳጂድ» እና እንደ «መካቲብ»። ከፊቱ «ሙ» ኖሮ «ር» ከጠበቀ ግን «ሙደሪስ» ነው፣ አስተማሪ። በመጨረሻ ጽሑፉን ክፈትና አስተያይ፤ የተሳሳትከው በሥሩ ነው፣ በርዝመቱ ነው፣ በጥብቀቱ ነው ወይስ ከፊት በተጣበቀው ነገር ነው የሚለውን ለይተህ መዝግብ። ስሕተቶችህ በዘፈቀደ አይበተኑም፤ ከአንዱ ቦታ ላይ ተከማችተው ታገኛቸዋለህና የሚቀጥለውን ልምምድ በዚያ ላይ አውለው።

ሁለተኛው ልምምድ ከተመራማሪዎች የተወሰደ ነው። ፍራንስዋ ግሮዣን እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረበው ዘዴ አንድ ቃል ከመጀመሪያው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ትንሽ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይጨመርበታል፣ ሰሚውም በየደረጃው ቃሉን ይገምታል። ድምፅ መቁረጫ ያለው ማንኛውም ስልክ ይህን ያደርጋል፤ ካልሆነም ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ቃሉን እየቆረጠ ሊነግርህ ይችላል። «ሙ» ሲልህ ዝም በል፤ «ሙዐ» ሲልህ የመጀመሪያውን የሥር ተነባቢ ያዝ፤ «ሙዐሊ» ብሎ «ሊ»ን ሲያጠብቅ ወዝኑ ተወስኗል፣ «ሙዐሊም» ከማለቱ በፊት አስተማሪ በል። የሚፈለገው ትክክለኛውን ቃል በፍጥነት መናገር ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ምን እንደታወቀና ምን እንደቀረ መናገር መቻል ነው። ይህን ልምምድ በ«ሙስተሚዕ» እና በ«ሙስተዕመል» ላይ ብትሞክረው ሁለቱ የሚለያዩበትን ቅጽበት በጆሮህ ታገኘዋለህ።

አዲስ ቃል ስታጠናም መጀመሪያ በድምፅ ስማው፤ ከነሐረካው (ከነአናባቢ ምልክቱ) የተጻፈውን ቀጥሎ እይ፣ ያለ ሐረካ የተጻፈውን በመጨረሻ። የተለመደው የዐረብኛ ጽሑፍ አጭር አናባቢዎችን ስለማይጽፍና ጥብቀትንም ብዙ ጊዜ ስለማያሳይ፣ ከጽሑፍ ብቻ የተማረ ሰው በአእምሮው የያዘው ግማሽ ቃል ነው። ንግግር ያንን ሌላውን ግማሽ ሁሉ ይሰጣል፣ እሱ ግን የሚያመሳክርበት የለውም።

ወደ አካባቢ ዘዬዎች ሲኬድ

ፉስሓ በዜናና በንግግር መድረክ፣ የአካባቢው ዘዬ በቤትና በመንገድ መነገራቸው የታወቀ ነው፤ ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ስለዚህ ዓይነት ሁለትነት በጻፈው ጽሑፍ ዐረብኛን ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎታል። ፉስሓን በጆሮው የያዘ ሰው ወደ ዘዬ ሲሻገር ሊይዘው የሚገባው የሥሩን ተነባቢዎች ነው፤ አናባቢዎች ይለዋወጣሉ፣ ይወድቃሉም፣ ሥሩ ግን በአብዛኛው ይቆያል። «ይጽፋል» ለማለት በፉስሓ «የክቱቡ»፣ በካይሮ «ቢዪክቲብ»፣ በሞሮኮ «ካይክትብ» ይባላል፤ ክ-ት-ብ በሦስቱም አለ። ከፊት የሚጣበቀው ምልክት ከአገር አገር ስለሚለይ እሱን ቀድሞ መማር ያስፈልጋል፤ በካይሮ «ቢ» የአሁን፣ «ሐ» የወደፊት ምልክት ነው፣ አሉታው ደግሞ ቃሉን በ«ማ» እና በ«ሽ» መካከል ያስገባዋል፦ «ማብዪክቲብሽ» አይጽፍም ማለት ነው።

ተነባቢዎቹም ቢሆኑ የሚቀያየሩባቸው የታወቁ መንገዶች አሏቸው። በካይሮ «ቀ» በአብዛኞቹ ቃላት ወደ «አ» ሲለወጥ «ጀ» «ገ» ይሆናል፤ በፉስሓ «ቀልብ» የሆነው ልብ «አልብ»፣ «ጀመል» የሆነው ግመል «ገመል» ይባላል። በብዙ የባሕረ ሰላጤ አካባቢዎች ደግሞ «ቀ» ራሱ «ገ» ነው፤ ልብ «ገልብ» ይሆናል። ስለዚህ «ገ» ስትሰማ ከየት አገር ሰው ጋር እንደምትነጋገር ካላወቅህ ሁለት የተለያዩ ሥሮች ሊነቁ ይገባል። የቃሉ ክብደት የሚወድቅበት፣ ማለትም በርትቶ የሚነገረው ክፍለ ቃል ያለበት ቦታም ይረዳል፤ ትምህርት ቤት የሚለውን «መድረሰ» የካይሮ ሰው «ረ» ላይ ሲያከብደው የሶርያና የሊባኖስ ሰው መጀመሪያው ላይ ያከብደዋል። ከአንድ ሰው አፍ የሚወጡትን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በ«ቀ» እና በ«ጀ» አነጋገሩ፣ በክብደቱና ከግሱ ፊት በሚያጣብቀው ምልክት ብቻ እያደመጥክ አገሩን ለመለየት ሞክር፤ አገሩ ከተለየ በኋላ በዚያ ዘዬ ውስጥ የሚቀጥሉት ቃላት በየትኛው መንገድ እንደተለወጡ አስቀድመህ ታውቃለህና ጆሮህ ሥሩን ወደ ፉስሓው መልሶ ለማግኘት አይዘገይም።